የእማዬ የውሃ ሳህን
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በልጆቿ ስም የተነበበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆቻችን፤

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከመካከላችን በሞት የተለዩ እናቶችና አባቶች በዚህ ዕለት እንዲታወሱ ወስኖ፣ እኛንም ስለ እናታችን ጥቂት እንድንናገር ስለ ጋበዘን ከልብ እናመሰግናለን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አራታችንም ልጆቿ አንድ ማታ ተሰብስበን ነው። የሚያነበው አንዳችን ቢሆንም ቃሉ የሁላችንም ነው። ዓመተ ምሕረቱንም እሷ እንደምትቆጥረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርገነዋል።

አስቀድመን አንድ ይቅርታ እንጠይቃለን። በአደባባይ ስለ እናት ሲነገር «እርሳቸው» ማለት ወግ ነው። እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን «አንቺ» ስንላት ኖረን ዛሬ «እርሳቸው» ብንል የሌላ ሰው እናት የምናወሳ ይመስለናል። ስለዚህ እንደለመድነው እማዬ እንድንላት ፍቀዱልን።

እማዬ የተወለደችው በ1926 ዓ.ም. በጨርጨር ደጋ፣ ከሒርና ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። የዚያን አገር ሰው የሆናችሁ የሐረርጌን በሬ አያያዝ ታውቃላችሁ። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ በሬው ሜዳ አይለቀቅም፤ እደጅ ታስሮ ይቀለባል። የሚያርስበት ዘመን ሲያበቃ የበቆሎ ቅጠልና ከማሽላው ማሳ ለማሳሳት የተነቀለ እሸት አገዳ በእጅ እየቀረበለት ይሰባና ሠንጋ ሆኖ ይሸጣል። አገዳውን ከማሳ ተሸክሞ ማምጣትና ማጉረስ የልጆች ሥራ ነበር። እማዬም በሰባት ዓመቷ አንድ በሬ ተሰጣት። ያ በሬ ተሸጦ የሄደ ዕለት እራት አልበላም ብላ ስታለቅስ አባቷ ጠርተው እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ ያሳደግነው ልንሸጠው ነው። ግን በእጃችን እስካለ ድረስ ዕዳው የእኛ ነው።» ይህችን ቃል እማዬ ለእኛም፣ ለልጅ ልጆቿም፣ ሱቃችን ለሚመጣ ደንበኛም ሳይቀር ስትደግማት ኖራለች።

በ1946 ዓ.ም. አባታችንን አግብታ ወደ ድሬዳዋ ወረደች። አባታችን የሽመንደፈር ሠራተኛ ነበር፤ የባቡሩን ሞተር ከሚጠግኑት አንዱ። ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ይገባ የነበረው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ነው ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት፤ የእኛም ቤት እንጀራ ከዚያው ሐዲድ ነበር። እማዬ ከደጋ ወርዳ ሙቀቱ ቢከብዳትም ዓመት ሳይሞላት አንዲት ላም ገዛች። ስሟን ወለላ አለቻት። ሣር በሌለበት ከተማ ላም ምን ትበላለች ለምትሉ፣ እማዬ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጫት ተራ ሄዳ ገረባ ትለቅም ነበር። «ሰው ቅጠሉን ይቅማል፣ ላሜ ገረባውን ትበላለች፣ ልጆቼ ወተቱን ይጠጣሉ፤ ታዲያ ጫት የጠቀመው ማንን ነው?» እያለች ታስቀን ነበር።

አንድ ጊዜ ለቁልቢ ገብርኤል የመጡ ዘመዶቻችንን ይዛ ሐረር ሄዳ፣ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በእጁ የሚያጎርሰውን ሰው አሳየቻቸው። ሌላው ሰው ፈርቶ ሲሸሽ እማዬ ተጠግታ ቆመች። ተመልሳ ስትመጣ «ጅብም ካጎረሱት ወዳጅ ያውቃል፤ ከሰው ጋር የሚያቃርነው ረሃቡ ነው» አለችን።

በ1969 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ድሬዳዋ ሲደርስ ሐዲዱ ተቆረጠ፣ ባቡሩም ቆመ። ዕቃ ጠፋ፣ ገበያው ተወደደ። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደጋ ሲወጡ እማዬ «ወለላን ለማን ጥዬ?» ብላ ቀረች። በዚያ ክረምት የወለላን ወተት አንድ ቀን አልሸጠችም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጣ ሕፃን ላላቸው እናቶች አንድ አንድ ኩባያ ስትሰጥ ትልልቆቹ ልጆቿ እናስታውሳለን። እኛም ስንጠይቅ «እናንተ አጥንታችሁ ጠንቷል» እያለች በሻይ ትሸኘን ነበር።

አባታችን በ1976 ዓ.ም. ዐረፈ። ታላቅ ወንድማችን ቀድሞ ጅቡቲ ገብቶ ሥራ ይዞ ስለነበር በ1984 ዓ.ም. እሷም እኛም ተከተልነው። ከመምጣታችን በፊት የወለላ የልጅ ልጅ የሆነችውን ላም መሸጥ ግድ ሆነ። ሦስት ገዢዎች መጡ። እማዬ ለሦስቱም ያቀረበችው ጥያቄ «ምን ታበላታለህ?» የሚል ነበር። መጨረሻ ላይ የሸጠችው ከሦስቱ ትንሹን ዋጋ ለሰጠው ነው። እኛ ተናደድን፤ የባቡር ዋጋ እንኳ ከብዶን ነበርና። እሷ ግን በአይሻና በአሊ ሳቢህ በኩል ስንወርድ፣ በየጣቢያው ፍየል እየጎተተ ለሚሳፈረው ሁሉ ቦታ እየለቀቀች ጅቡቲ ገባች።

ጅቡቲን እናንተም ታውቋታላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ ኸምሲኑ ሲነፍስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ካርቲዬ ውስጥ በተከራየናት የጣውላና የቆርቆሮ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት እማዬ ያደረገችው ነገር ቢኖር፣ ከድሬዳዋ ያመጣችውን ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ውሃ ሞልታ ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። የሰፈሩ ፍየሎች ካርቶንና ገረባ ሲበሉ ውለው እየመጡ ጠጡ፤ ድመቶች ጠጡ፤ ቁራዎችም ጠጡ። እነዚያን ቁራዎች ሰው ሲያባርራቸው፣ በመርከብ ከሕንድ የመጡ ናቸው ሲባል ሰምታ «ተዉአቸው፣ እነሱም እንደኛ ስደተኞች ናቸው» ትል ነበር። ኋላም አንዲት ነጭ ግልገል ገዝታ ሙሽሪት ብላ ሰየመቻት። ሙሽሪት ጠዋት ከሰፈሩ ፍየሎች ጋር ትሄዳለች፤ ማታ ራሷ በሩን በቀንዷ ታንኳኳለች። ሱቃችን ሲከፈት ደግሞ የባዶ ካርቶኑ ባለመብት እሷ ሆነች።

አሁን የምንናገረውን ከዚህ በፊት በሰው ፊት ተናግረነው አናውቅም። ሆኖም የእማዬን መልካምነት ብቻ አውርተን የራሳችንን ብንደብቅ እሷን በትክክል ያስታወስናት አይሆንም።

በ1999 ዓ.ም. ኑሯችን ትንሽ ተሻሽሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየን። አከራዩ እንስሳ አልፈልግም አሉን። እውነቱን ለመናገር እኛም በልባችን ደስ አለን፤ ፎቅ ቤት ገብተን ፍየል መጎተቱ አሳፍሮን ነበር። እማዬ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ በሄደችበት ሳምንት ሙሽሪትን ሸጥናት። የገና ሰሞን ስለነበር ዋጋው ጥሩ ነበር። ይህን ስንል ለምን እንደተገዛች ይገባችኋል።

እማዬ ከቁልቢ ጠበሏን ይዛ ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀችው ሙሽሪትን ነው። አራታችንም ተማክረን «ባልባላ ላለች አንዲት አርቢ ሴት ሸጥናት፤ ከሌሎች ፍየሎች ጋር ተመችቷታል» አልናት። «ደግ አደረጋችሁ። አንድ ቀን ወስዳችሁ አሳዩኝ» አለች። እሺ አልን። በወሩ ጠየቀች፤ ሥራ በዛብን አልን። ክረምት መጣ፤ ሙቀቱ ይብረድ አልን። እንዲህ እያልን ከዓመት በላይ አለፈ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የፋሲካ ማግስት አራታችንንም ቡና ጠራችን። ሁለተኛው ጀበና ላይ እንዲህ አለችን፦ «ስለ ሙሽሪት ከእንግዲህ አልጠይቃችሁም። የገዛት ሰው ሚስት ያኔ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነግራኛለች። ፍየል ይታረዳል፤ እኔም አሳርጄ አብልቻችኋለሁ። በእሱ አላዘንኩም። እስከ ዛሬ የጠየቅኳችሁ አንዳችሁ እንኳ እውነቱን ትነግሩኝ እንደሆነ ብዬ ነው። አራት ልጅ ወልጄ አራቱም እኔን ለመዋሸት ተስማማችሁ።»

መልስ አልነበረንም። እህታችን እግሯ ላይ ወደቀች፤ ሦስታችን ዐይናችንን መሬት ላይ ተከልን። እማዬ ሦስተኛውን ቡና ቀድታ ሰጠችን፤ መርቃም አስነሳችን። ያን ቀን ይቅር አለችን፤ ዳግመኛም አላነሳችውም። በማግስቱ ግን ያቺን ነጭ ሳህን ከፎቁ አውርዳ ሱቃችን ደጃፍ አስቀመጠቻት። «እቤት ካልተፈቀደ እዚህ ማን ይከለክለኛል?» አለች። እኛም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሱቅ ስንከፍት መጀመሪያ ሳህኗን መሙላት ልማዳችን ሆነ።

በ2003 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መንገዱ ላይ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ አንድ ልጅ መጣ። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከወሎ በእግሩ ተነስቶ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር የወጣ ልጅ ነበር። እንዲህ ያሉ ልጆች ስንቶች በዚህች አገር በረሃ እንዳለፉና ስንቶችም እንደቀሩ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ልጁ ከሁለት ፍየሎች መካከል ተንበርክኮ ከሳህኗ ጠጣ። እማዬ ሱቁ ውስጥ ወንበሯ ላይ ሆና አየችው። ስትወጣ የምትቆጣው መስሎት ደንግጦ ተነሳና «ይቅርታ እማማ፣ የፍየል መሆኑን አላወቅኩም» አላት። እሷም «አውቀሃል ልጄ። ጠምቶህ ነው» አለችውና እጁን ይዛ አስገባችው።

ልጁ ሦስት ቀን እኛ ዘንድ ሰነበተ። እማዬ ለእናቱ ስልክ አስደወለችው፤ እንዲመለስም ለመነችው። በአራተኛው ቀን ሌሊት ወጥቶ ሄደ። የት እንደደረሰ አልሰማንም። እማዬ እስከ ዕለተ ሞቷ በጸሎቷ ስሙን ትጠራ ነበር። ያን ሰሞን ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ለፍየል ውሃ አኑሬ ለሰው ሳላኖር ስንት ዓመት ኖርኩ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሳህኗ አጠገብ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን፣ በገመድ የታሰረ ኩባያ ተቀመጠ። ጀሪካኑን መጀመሪያ የምንሞላው እኛ ነበርን። ወሬው ሲሰማ የማኅበራችን እናቶች ተራ ገቡ፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ቆሎ፣ አንዷ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ይዛ ትመጣ ነበር። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ እናቶች፣ ራሳችሁን ታውቁታላችሁ። እማዬን ስናመሰግን እናንተንም ማመስገናችን ነው።

አዲሱ ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በ85 ዓመቷ ከናጋድ ተሳፍራ ድሬዳዋን ለመጨረሻ ጊዜ አየች። ፍጥነቱንና ቅዝቃዜውን አደነቀች። ነገር ግን በመንገድ ላይ ከብትና ግመል እንደሚገጭ ስለሰማች ድሬዳዋ እስክትገባ ድረስ ከመስኮቱ ዐይኗን አላነሳችም።

እማዬ በ2014 ዓ.ም. በ88 ዓመቷ ዐረፈች። አራት ልጆች፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችና ሦስት የልጅ ልጅ ልጆች አይታለች። እኛ ድሬዳዋ ከአባታችን አጠገብ ልናሳርፋት ተመካክረን ነበር። እሷ ግን አስቀድማ «የሞትኩበት ቅበሩኝ። ሬሳ ለማጓጓዝ የምታወጡትን ለሕያው ስጡልኝ» ብላ ነበርና ቃሏን አክብረን እዚሁ ቀበርናት። ድንኳኑን የተከላችሁ፣ ንፍሮውን የቀቀላችሁ፣ ሦስት ቀን ከጎናችን ያልተለያችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

የቀብሯ ማግስት ሱቁ ተዘግቶ ነበር። ሁላችንም ድንኳን ውስጥ ስንሆን ስለ ሳህኗ ያሰበ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አንዳችን ቁልፍ ፍለጋ ወደ ሱቅ ስንሄድ ፍየሎቹ በሩ ላይ ቆመው፣ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጇ ከጎረቤት በተዋሰችው ባልዲ ሳህኗን ስትሞላ አገኘናት። ማንም አላዘዛትም። «እማማ ትቆጣለች ብዬ ነው» አለችን።

ውድ ወገኖቻችን፤ እናቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስትገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። የመጡበትን አገር፣ ያሳደጉትን ከብት፣ ጥለውት የመጡትን ነገር ጠይቁ። የዋሻችኋቸው ነገር ካለም በሕይወት ሳሉ ንገሯቸው፤ ምናልባት እንደ እማዬ አስቀድመው አውቀው እየጠበቋችሁ ይሆናል። ልጆቻችንም፣ ሱቃችን ደጃፍ ስታልፉ ሳህኗ ባዶ ከሆነች ግቡና ንገሩን። በእጃችን እስካለች ዕዳዋ የእኛ ነው።

የእማዬን፣ ከመካከላችን የተለዩትን እናቶችና አባቶች ሁሉ፣ በበረሃና በባሕር የቀሩትንም ልጆቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያድርስልን።