“ፊ”፦ ከኪታብ ገጽ ወደ ዕለት ንግግር



ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የወሎን ደጋ አቋርጦ ወደ ዐባይ ሸለቆ ሳይወርድ መካነ ሰላምን ያገኛል። የከተማዪቱ ስም ግእዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው “መካን” እና “ሰላም” የተባሉትን ቃላት ያለ አስተርጓሚ ይረዳቸዋል። በቦረናና በአካባቢው ወረዳዎች የሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና በስም ብቻ የሚቀር አይደለም። በአንድ ወገን የቆሎ ተማሪው ግእዝን፣ በሌላው ወገን ደረሳው ዐረብኛን ሲያጠኑ ኖረዋል። በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ደግሞ ሦስተኛ ተማሪ ተጨምራለች፤ እርስዋም ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገር የምትሄደው ወጣት ናት። የዚህ ንግግር ዓላማ ከተለመዱት የዐረብኛ መስተዋድዶች አንዱን፣ ማለትም “ፊ”ን፣ በምሳሌነት ወስዶ ለዚህች ተማሪ ምን ዐይነት ትምህርት እንደሚገባት ማመልከት ነው።

ነህው የሚጀምር ደረሳ ከሚያገኛቸው ኪታቦች አንዱ በ1323 እ.ኤ.አ. ያረፈው የሞሮኮው ሊቅ ኢብን አጁሩም ያዘጋጀው “አጁሩሚያ” ነው። በዚህ አነስተኛ ኪታብ መጀመሪያ ላይ “ፊ” ከ“ሚን”፣ ከ“ኢላ”፣ ከ“ዐላ”ና ከመሰሎቻቸው ጋር ተዘርዝሮ ይገኛል። ደረሳው ቃሉ የሚከተለውን ስም መድረሻ እንዴት እንደሚለውጥ፣ ትርጉሙም “ውስጥ” እንደ ሆነ ይማራል። ይህ ዕውቀት ለተፍሲር በር የሚከፍት ነው። ነገር ግን በጅዳ ገበያ ወይም በአንድ ቤተ ሰብ ማድ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ለመረዳት ብቻውን አይበቃም። በዕለት ንግግር “ፊ” ሌላ ሥራም ይዟልና።

የአማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያ ችግር የሚመጣው ከራሱ “በ” ነው። አማርኛ “በቢላዋ ቈረጠ” ሲልም፣ “በቤት ተቀመጠ” ሲልም በአንድ “በ” ይጠቀማል። ዐረብኛ ግን ለመሣሪያው “ቢ”፣ ለስፍራው “ፊ” ይላል። መለያው ቀላል ነው፤ በአማርኛው ላይ “ውስጥ” የሚለውን መጨመር ከተቻለ “ፊ” ይስማማል። “በቤት ውስጥ ተቀመጠ” ይባላል፤ “በቢላዋ ውስጥ ቈረጠ” ግን አይባልም። በአንዳንድ አገር ንግግር ለስፍራም “ቢል በይት” የሚሉ መኖራቸው እውነት ነው። ሆኖም “ፊል በይት” ያለ ተማሪ በየትም ቢሆን ይገባለታል።

ሁለተኛውና ትልቁ ጉዳይ “ፊ” በንግግር “አለ” የሚል ትርጉም መያዙ ነው። “ፊ ሞያ?” ማለት “ውሃ አለ?” ማለት ሲሆን፣ መልሱ “ፊ” ወይም “ማፊ” ይሆናል። መስተዋድድ እንዴት የግሥ ቦታ ሊይዝ ቻለ? ቃሉ “በእርሱ ውስጥ” ከሚለው “ፊሂ” የወጣ ነው። ይህ ለግእዝ ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በግእዝ “በ” ከዝርዝር ጋር ተዋሕዶ “ቦ” ሲሆን “አለ”፣ “አልቦ” ሲሆን “የለም” ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ለየብቻቸው በአንድ መንገድ ተጉዘዋል። ስለዚህ የመካነ ሰላም መምህር “ፊና ማፊ እንደ ቦና አልቦ ናቸው” ብሎ ሲያስተምር የአገሩን ዕውቀት ለአገሩ ተማሪ መመለሱ ነው። ወደ ኵዌት የምትሄደው ግን በዚያ “አኩ”ና “ማኩ” ሲባል እንደምትሰማ ሊነገራት ይገባል።

ሁለቱ ሥራዎች እንዳይምታቱ አንድ ዐረፍተ ነገር መለማመድ ይጠቅማል። በሕክምና ቤት ሴቲቱ “ኤሽ ፊኪ?” ተብላ ትጠየቃለች። ፍቺው “ምን ሆነሻል?” ነው፤ ቃል በቃል ሲተነተን ግን “ምን አለብሽ?” ከሚለው ጋር ይገጥማል። እርስዋም “ፊ አለም ፊ በጥኒ” ብትል፣ “ሆዴ ውስጥ ሕመም አለ” ማለቷ ነው። የፊተኛው “ፊ” “አለ” ሲሆን የኋለኛው “ውስጥ” ነው።

ሦስተኛው ችግር ከዚህ ይከተላል። አማርኛ “ልጅ አለ” እና “ልጅ አለኝ” የሚለው በአንድ ግሥ ስለ ሆነ፣ “ፊ”ን በ“አለ” የፈታች ተማሪ “አና ፊ ወለድ” ለማለት ትቸኩላለች። ትክክለኛው “ዒንዲ ወለድ” ነው። ግእዝም “ብየ” ሲል “አለኝ” ማለቱ ስለ ሆነ፣ የ“ቦ”ና የ“ፊ” ንጽጽር እዚህ ላይ ማብቃት እንዳለበት መምህሩ ያስታውስ። “አና ፊ” የሚለው አነጋገር በባሕረ ሰላጤው አገሮች በውጭ አገር ሠራተኞችና በአሠሪዎቻቸው መካከል በተፈጠረው ድብልቅ ዐረብኛ የሚሰማ ነው፤ ይህንንም ድብልቅ ንግግር ስማርት የተባለው ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ገልጾታል። ቃሉ ለማድ ቤት ሥራ ያገለግላል። ለክርክር ግን አቅም ያንሰዋል። በሥራ ጉዳይ ቢሮ ቀርባ “ማፊ ራቲብ” የምትል ሴት “ደመወዝ የለም” አለች እንጂ ማን እንዳልከፈላት አልተናገረችም። “ማ ዐጣኒ ራቲቢ” ስትል ግን “ደመወዜን አልሰጠኝም” ብላ ከሳሽ ትሆናለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የመብትም ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት መንግሥት ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚደረገውን ጉዞ አገደ፤ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ እገዳውም በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። ሕግ በሩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል፤ በበሩ አልፋ የሄደችውን ግን አንደበት የሚሰጣት ትምህርት ነው።

ስለዚህ ለተጓዦች የሚሰጠው ትምህርት የቃላት ዝርዝር በማስጠናት ብቻ እንዳይወሰን ያስፈልጋል። መጀመሪያ “ፊ” በ“ውስጥ”ነቱ፣ ቀጥሎ በ“አለ”ነቱ፣ ከዚያም “ዒንዲ” ከእርሱ ተለይቶ፣ በመጨረሻም ሙሉ ግሥ ያለበት አቤቱታ በቃል ልምምድ ይሰጥ። ነህው ያጠናው ደረሳና ከስደት የተመለሰችው ሴት በአንድ ክፍል ውስጥ ረዳት መምህራን ቢሆኑ፣ አንዱ ሥርዐቱን፣ ሌላዋ የዕለቱን ንግግር ያሟላሉ። ይህን ማቀናጀት ደግሞ የቋንቋ መምህራን ተግባር ነው።