የእንደራሴ ሥራ በምን ይመዘናል? የሚኪ ሌላንድ የሕግ ማውጣት ዘመን



በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሁለት ቁጥሮችን አንረሳም፤ ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ሰብአዊ መብት የቀረቡትን ኤች አር 2003ን እና ኤች አር 128ን። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 2007 የተወካዮች ምክር ቤቱን ቢያልፍም ሴኔት ድምፅ ሳይሰጥበት ውሃ በላው። ሁለተኛው በ2018 ሲጸድቅ ብዙዎቻችን ሕግ ወጣ ብለን ተቃቅፈናል። እሱ ግን የአንድ ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ነበር፤ ፕሬዚዳንት አይፈርምበትም፣ ማንንም በሕግ አያስገድድም። ከሥራ እየቀሩ የእንደራሴዎችን ደጅ የጠኑ ወገኖቻችን ድካም ክብር ይገባዋል። ለእነሱ ድካም ስንል ግን “ይህን ሠራሁ” ብሎ ድምፃችንን የሚጠይቅ ፖለቲከኛ ሲመጣ፣ የሠራው ወረቀት ምን ዓይነት እንደሆነና የት እንደ ደረሰ መጠየቅ አለብን።

ለዚህ ምሽት የመረጥኳቸው ሰው የአሜሪካ ኮንግረስ እንደራሴ የነበሩት ሚኪ ሌላንድ ናቸው። በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰይሞላቸዋል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ፉኝዶ ወደሚገኘው የሱዳን ስደተኞች መጠለያ ሲጓዙ፣ ጋምቤላ አካባቢ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ አብረዋቸው ከነበሩት 15 ሰዎች ጋር አለፉ። አሜሪካዊም ኢትዮጵያዊም አብሮ ሞቷል። እንዲህ ያለፈን ሰው ሥራ መመዘን ይከብዳል፤ ሐዘኑ ሚዛኑን ይጫነዋል። እኔ ግን ሥራቸውን አገላብጦ ማየት ራሱ እሳቸውን ማክበር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላንድ በሙያቸው ፋርማሲስት ነበሩ። በቴክሳስ ምክር ቤት ሳሉ ድሆች በርካሽ ዋጋ አቻ መድኃኒት እንዲያገኙ የሚያስችል ሕግ እንዲወጣ ታግለዋል። በፈረንጆቹ 1979 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) ባርባራ ጆርዳንን ተክተው ከሂዩስተን ወደ ዋሽንግተን ሄዱ። በ1984 ከሪፐብሊካኑ ቤን ጊልማን ጋር የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም አድርገው ሊቀ መንበሩ ሆኑ።

ይህ ኮሚቴ ረቂቅ ሕግ መርቶ ለምክር ቤቱ የማቅረብ ሥልጣን አልነበረውም። ምስክር መጥራት፣ ማጣራትና ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ረቂቁ ግን የሚያልፈው በግብርና፣ በውጭ ጉዳይ ወይም በበጀት ኮሚቴ በኩል ነው። ስለዚህ በስማቸው የጸደቀውን ብቻ ብንቆጥር የሌላንድ ዝርዝር ቀጭን ይሆንብናል። በ1985፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ፣ ኮንግረሱ ለአፍሪካ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ገንዘቡ በሌሎች ኮሚቴዎች እጅ አልፎ ነው የወጣው። ግፊቱ ግን በአመዛኙ የሌላንድ ነበር፤ ይህን የሚያውቀው የምስክርነቱን መዝገብ የገለጠ ሰው ነው። በእኔ ሚዛን ይህ በስም ከወጣ አሥር ሕግ ይበልጣል፤ እህል ሆኖ ሰው እጅ ገብቷልና።

ስማቸውን የያዙት ሁለት የረሃብ ሕጎች የወጡት ከሞቱ በኋላ ነው፤ አንዱ በ1990፣ ሌላው በ1993። የ1993ቱን ቀረብ ብለን እንየው። ገቢዋ አነስተኛ የሆነች፣ ልጆች የምታሳድግ እናት ለምግብ እርዳታ ስታመለክት ገቢዋ ይሰላል። ለቤት የምታወጣው ከገቢዋ ግማሽ ሲበልጥ፣ ትርፉ ይቀነስላታል፤ ግን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ብቻ። ከጣሪያው በላይ ለአከራይ የሰጠችው ገንዘብ ኪሷ ውስጥ እንዳለ ተደርጎ ይቆጠርባታል፤ በዚያው ልክ የምግብ እርዳታዋ ያንሳል። አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤተሰብ ግን ይህ ጣሪያ አይነካውም። የሌላንድ ስም ያለበት ሕግ ለባለ ልጆቹም ጣሪያው ቀስ በቀስ ከፍ እያለ በጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ጨርሶ እንዲነሳ ደነገገ። ቀኑ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት፣ በኦገስት 1996 የወጣው የማኅበራዊ ድጎማ ማሻሻያ ሕግ ጣሪያውን መልሶ አጸናው።

ስሙ መዝገብ ላይ ቀረ፤ እናቲቱ ግን ከነጣሪያዋ ቀረች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ሕግ ጸደቀ ሲባል አንብቦ መተው አይበቃም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደ ቀረለት ማየት ያስፈልጋል። በ1993 እጁን አውጥቶ በ1996 ያጠፈ እንደራሴ ካለ፣ የሁለቱንም ቀን ድምፅ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊጠየቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን እንዳይቸኩል አንድ ነገር ልጨምር። የ1993ቱ የረሃብ ሕግ የክሊንተን ትልቁ የበጀት ሕግ አንድ ምዕራፍ ነበር። ያ በጀት በተወካዮች ምክር ቤት 218 ለ216 ነው ያለፈው፤ ሴኔት ውስጥ 50 ለ50 ሆኖ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ናቸው የለዩት። ግብር መጨመሩን ጠልቶ የተቃወመን ሰው “የልጆችን ምግብ ከለከለ” ማለት ቀላል ነው፤ የምርጫ ማስታወቂያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ትክክለኛ ፍርድ ለመስጠት ግን ያ ሰው በኮሚቴ ደረጃ፣ በማሻሻያ ሐሳቦቹ ላይ ምን እንዳለ መፈለግ ግድ ነው። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን መዝገቡ ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ነው።

የሌላንድን ጉድለትም መናገር አለብኝ። የመሠረቱት ልዩ ኮሚቴ በየሁለት ዓመቱ ካልታደሰ የሚፈርስ ነበር፤ ቋሚ ሥር አልተተከለለትም። በ1993 ምክር ቤቱ ወጪ ቆጣቢ ነኝ ብሎ ሳያድሰው ቀረ። ወንበሩን የወረሱት የኦሃዮው ቶኒ ሆል በተቃውሞ 22 ቀን ጾሙ፤ ኮሚቴው ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ከምክር ቤቱ ውጭ የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል ተቋቋመ፤ በሌላንድ ስምም ወጣት ባለሙያዎችን በረሃብ ጉዳይ ላይ አሠልጥኗል።