የተናቀው አገልጋይ
(ስለ ጥንብ አንሣ አሞራ የተሰጠ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ የዛሬው ትምህርታችን ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ አፍንጫውን ስለሚይዝለት ፍጥረት፣ ስለ ጥንብ አንሣ አሞራ ነው። በቅዱስ ትምህርት ሰዓት ስለ ጥንብ መናገር የማይገባ መስሎ የሚታየው ቢኖር እስከ ፍጻሜው ድረስ እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው ማለዳ ኪዳን ለማድረስ ሲሄድ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ ይህን ወፍ በባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሊያየው ይችላል። ላባው ጥቁር ቡናማ ነው። ፊቱ የተራቆተና ቀላ ያለ ሲሆን ከማጅራቱ እስከ አናቱ እንደ መነኩሴ ቆብ ያለ ለስላሳ ላባ ደፍቷል። ሲደነግጥ ወይም ከባልንጀራው ጋር ሲሻማ ፊቱ ይበልጥ ይቀላል። ከሌሎቹ ጥንብ አንሣዎች በአካሉ ያንሳልና ትልልቆቹ ቆዳውን ቀደው እስኪጠግቡ ድረስ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያም በቀጭን ምንቃሩ ከአጥንት መካከል የተረፈውን ይለቅማል። በዐቢይ ጾም ልኳንዳው ሲዘጋ የሚወድቅለት ስለሚያንስ እርሱም እንደ ሰፈሩ ሰው የሚጾም ይመስላል።

ፀሐይ ወጥታ ምድር እስክትሞቅ ድረስ ለመብረር አይቸኩልም። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲነሣ ግን ክንፉን ዘርግቶ ብዙም ሳያራግብ ይንሳፈፋል። ከዘመዶቹ አንዱ በ1966 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ፣ በአቢጃን ሰማይ ላይ፣ ከ11,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። በድኑን የሚያገኘው በማሽተት ሳይሆን በዐይኑ ነው፤ አንዱ ሲወርድ ያየው ሌላው ይከተለዋል። እንስቲቱ በአንድ ወቅት የምትጥለው እንቁላል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ይታቀፉታል። በሆዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ሌላውን እንስሳ የሚገድለውን ብዙ የበሽታ ተሕዋሲ ያጠፋል።

በኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ከማይበሉት አዕዋፍ ጋር ተቈጥሯል። ከዚህ የተነሣ ርኩስ ነው እያልን በድንጋይ እናባርረዋለን። ነገር ግን ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ሕጉን በማስተዋል እናንብብ፤ አትብሉት ተባለ እንጂ ግደሉት አልተባለም። ፈጣሪ በአምስተኛው ቀን የሚበሩትን አዕዋፍ ሁሉ ፈጥሮ መልካም እንደ ሆነ ሲያይ፣ ይህን ከመልካምነት ለይቶ አላወጣውም።

የዚህ ወፍ መጥፋት ምን እንደሚያስከትል ሕንድ በመከራ ተምራለች። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከጥንብ አንሣ ወገን ሦስቱ ከመቶ ከ95 በላይ አለቁ። ምክንያቱ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑ በ2004 ታወቀ፤ መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት በድኑን የበሉት አሞራዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ ይሞቱ ነበር። በድኑ ለውሻ ቀረ፤ ውሻውም በዛ፤ በእብድ ውሻ መነከስና መሞትም ጨመረ። በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ፤ የሞተው ግን አልተመለሰም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰለን። በአገራችንም በመካከለኛው ኢትዮጵያ ቄራዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በተደረገው ቈጠራ ጥንብ አንሣዎች እጅግ ሲቀንሱ ውሾች ከእጥፍ በላይ ጨምረው ተገኝተዋል። ይህ ባለቆቡ አሞራም ከ2015 ጀምሮ በዓለም ፈጽሞ ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ ገብቷል። በአፍሪካ ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው መርዝ ነው። ሰው ለጅብ ወይም ጌታ ለሌለው ውሻ ብሎ ሥጋ መርዞ ይጥላል፤ የተጠላው አውሬ ሊያመልጥ ይችላል፣ በአንድ በድን ላይ የተሰበሰበው የአሞራ ጉባኤ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። በዓመት አንዲት ጫጩት የሚያሳድግ ፍጥረት ይህን ጉድለት በምን ይሞላዋል?

ሌላም ነገር ልጨምር። ከዓለም ባንክ ብዙም በማይርቀው ቆሼ፣ ከተማው በጣለው ቁልል ላይ አሞራውም ችግረኛውም ሰው የዕለት ምግቡን ሲፈልግ ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቁልሉ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ቀበረ። ይህን የምናነሣው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው ከአሞራ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ ሎቱ ስብሐት። የእኛን እድፍ የሚያነሣልንን ሁሉ እንደ እድፍ መቍጠር ምን ያህል እንደ ለመደብን ለማሳየት ነው እንጂ። አሞራውን በድንጋይ ያባረረ እጅ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዋን እናት ሰላምታ ሲነፍጋት አይተናልና።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ ለማንኛውም አውሬ ብለን የተመረዘ ሥጋ በሜዳ አንጣል። በመርዝ የሞተ እንስሳ ብናገኝ ለሚመለከታቸው እናስታውቅ፤ አሞራም ውሻም በማያገኘው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ልጆቻችን በዛፍ ላይ ባለው ጎጆ ድንጋይ ሲወረውሩ ብናይ እንከልክላቸው። ማለዳ ደጃችንን የሚጠርገውንም ሰው እግዚአብሔር ይስጥልን እንበለው። እርሱም አሞራውም ከእኛ የሚለምኑት ፍቅር ቢቀር፣ እንዳንበድላቸው ብቻ ነው።

የፈጠረውን ሁሉ የማይንቅ አምላክ ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።