የብስክሌት መብራትና የመንገድ ሐቅ

(በሬዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። የምናወራው ስለ ብስክሌት መብራት ነው። «ይህም የዲን ርዕስ ሆነና!» የሚል ቢኖር ትንሽ ይታገሰን።

ነገሩ በራሴ የደረሰ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ብስክሌት ለተማሪውም ለሠራተኛውም እግሩ ማለት ነው። በአንድ የረመዷን ምሽት ተራዊሕ ሰግጄ በብስክሌቴ ወደ ቤት እመለሳለሁ። በዚያው ሳምንት ቻርጅ የሚደረግ ደማቅ መብራት ገዝቼ መሪው ላይ አስሬ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ጨልሟል። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ የመንገዱን ዳር ይዘው ከፊት ለፊቴ ይመጣሉ። «አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ!» አልኳቸው። ሰላምታዬን ከመመለሳቸው በፊት እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ነበርና አንድ እግራቸው ገባ።

አልሐምዱሊላህ፣ አጥንት አልተሰበረም። ቁርጭምጭሚታቸው ግን አብጦ የቀረውን ረመዷን መስጊድ ሳይመጡ ቤታቸው ሰገዱ። ያን ሌሊት ደግፌ ሳደርሳቸው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ድምፅህን ሰማሁ እንጂ አንተንም መሬቱንም አላየሁም» ነው ያሉኝ። በአፌ ሰላም እያልኩ በመብራቴ ዓይናቸውን ወግቼ ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ዓይናችን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ድረስ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ያ ሁሉ በአንድ አፍታ ይጠፋል፤ ብስክሌቱ ካለፈ በኋላም ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ከጨለማ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ወደ ቦታው የሚመለሰው ይበልጥ ቀስ ብሎ ነው። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ደግሞ ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ይበተንበትና ሁሉም ነገር ነጭ ጉም ይሆንበታል። ለዒሻና ለፈጅር በጨለማ ከሚወጡት ውስጥ እንዲህ ያሉ አባቶችና እናቶች ስንት ናቸው?

አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ልብ በሉ፤ ቀስቱን ጣሉት አላሉም። ቀስት በዚያ ዘመን አስፈላጊ ነገር ነው፤ የተፈለገው ሰው በሚበዛበት ቦታ ጫፉ እንዲያዝ ነው። የእኛም መብራት እንዲሁ ነው። ይጥፋ የሚል የለም፤ እንዲያውም ያለ መብራት በጨለማ መንዳት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ባለ ባጃጁ የሚያየን ጎማው ሥር ከገባን በኋላ ይሆናል። ጫፉ ግን ይያዝ።

የመኪና ሾፌር ረጅሙን መብራት አብርቶ ሲመጣብን እንዴት እንደምንናደድ እናውቀዋለን። እሱ ቢያንስ አጭር መብራት አለው። አብዛኛው የብስክሌት መብራት እንደ እጅ ባትሪ ዙሪያውን የሚረጭ ስለሆነ፣ አጭር የምናደርገው እኛው አጎንብሰን ስናስረው ነው። ማታ ብስክሌቱን ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁሙትና ተመልከቱ፤ የብርሃኑ እምብርት መብራቱ ከታሰረበት ከፍታ በታች ማረፍ አለበት። መንገድ ላይ ደግሞ ከፊት ጎማ ጥቂት ሜትሮች ርቆ መሬቱን ይምታ፤ ጉድጓዱም ያለው እዚያው ነው። ደረጃ ያለው መብራት ከሆነ የመንገድ መብራት ባለበት ዝቅተኛው ይበቃል።

ብልጭ ድርግም የሚለውንስ? ብዙ ወጣቶች ይወዱታል። ለሚያየው ሰው ግን ብስክሌቱ ምን ያህል እንደቀረበ ለመገመት ያስቸግራል፤ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስም ያስደነብራል። በጀርመንና በኔዘርላንድ ሕግ የብስክሌት የፊት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት አይፈቀድለትም፤ እዚያ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ታውቁታላችሁ። ከኋላ ቀይ መብራት ወይም ቢያንስ ቀይ አንጸባራቂ ይኑር፤ የተጫነ ዕቃ ወይም የተንጠለጠለ ልብስ አይሸፍነው።

ከሁሉም የሚብሰው ግንባር ላይ የሚታሰረው ባትሪ ነው። ለመንገድ ሐቅ ብለን ሰላምታ ልንመልስ ዞር ስንል ብርሃኑ አብሮን ዞሮ የወንድማችን ፊት ላይ ያርፋል። ቆሞ ለማውራት ከሆነ አስቀድሞ ማጥፋት ነው።

ሐጂ ከተሻላቸው በኋላ አንድ ቀን ለፈጅር ስንሄድ ተገናኘን። መብራቴን አጥፍቼ ብስክሌቱን እየገፋሁ አጠገባቸው ሄድኩ። ያ ቱቦ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና «እስኪ አሁን አብራ» አሉኝ።