የማጉያው ሻንሲና የመሬት ሽቦው
በኮምቦልቻ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ይዘን የመጣነው ትልቅ ፍልስፍና አይደለም፤ አንድ ብሎን፣ ሁለት ዳዶና አንድ ጥርሳም ሮንዴላ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው።

ወሎ የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ አገር ነው። ዛሬ በየዝግጅቱ ክራሩም ማሲንቆውም የሚሰማው በማጉያ ነው። ማጉያው ሲያጉረመርም ግን አንዳንዶቻችን የምናውቀው መድኃኒት የመሬቱን ሽቦ መቁረጥ ብቻ ነው። ጉርምርምታው አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ዳሩ ግን ዘበኛውንም አብረን አሰናበትነው ማለት ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የመብራታችን ኃይል 220 ቮልት ነው። በማጉያው ውስጥ አንድ የኃይል ሽቦ ተልጦ የብረቱን ሻንሲ ቢነካ፣ ጥሩ የመሬት ሽቦ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ አሳልፎ ፊውዙን ያቃጥላል። ማሰሪያው በቀለምና በዝገት ምክንያት 100 ኦም ቢሆን ግን የሚያልፈው 2.2 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሻንሲው 220 ቮልት ገደማ እንደያዘ ይቆያል። የማይክሮፎኑም ብረት ብዙ ጊዜ ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዕዳው የሚወርደው በዘፋኙ እጅ ላይ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንሰረው? በመጀመሪያ ማጉያውን ከሶኬት እንንቀል፤ ካፓሲተሮቹም ባዶ መሆናቸውን በቴስተር እናረጋግጥ። ለመሬት ሽቦ ብቻ የሚሆን ቀዳዳ እንብሳ። የትራንስፎርመሩን ብሎን መጋራት አይገባም፤ እርሱ ሲፈታ መሬቱም አብሮ ይፈታልና። በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት እንፋቅ። የአሉሚኒየም የላይ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ ፍቀን ወዲያው እንሰር። በሽቦው ጫፍ ላይ ቀለበት ያለው ተርሚናል በፒንሳ በደንብ ይጨመቅ። ሮንዴላው ብረቱን ይነክሳል፣ አንዱ ዳዶ ያጠብቃል፣ ሁለተኛው ይቆልፋል። ይህ ሽቦ ከሌሎቹ ረዘም ይበል፤ ገመዱ ቢጎተት በመጨረሻ የሚበጠሰው እርሱ ይሁን።

ተራ ቴስተር 0.1 ኦምን በትክክል አይለይም። ስለዚህ ከዝቅተኛ ቮልት ምንጭ 2 አምፔር እናሳልፍ፤ ከመሰኪያው የመሬት እግር እስከ ሻንሲው የሚለካው ከ0.2 ቮልት ካልበለጠ ማሰሪያው መልካም ነው።

ጉርምርምታውስ? ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለት መሣሪያዎች በመሬት ሽቦና በድምፅ ገመድ ቀለበት ሲሠሩ ነው። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ እንሰካ፤ ካልበቃ በድምፁ መሥመር ላይ መለያ ትራንስፎርመር እናግባ። የመሬቱ ሽቦ ግን አይነካ። ሶኬቱ ራሱ የመሬት መሥመር ከሌለው ደግሞ የእኛ ብሎን ብቻውን አያድንም፤ አስቀድሞ እርሱ ይሠራ።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ዝግጅት በፊት በደሴም በኮምቦልቻም ያሉትን የኅብረቱን ማጉያዎች አንድ በአንድ ከፍተን እንድንመረምር አሳባችንን እናቀርባለን።