የሥራ ብስክሌት ስታስገጥሙ ከማርሹ ጀምሩ

ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስበትን ብስክሌት በራሱ ምርጫ ማስገጠም የፈለገ ሰው ከምን ይጀምር? ብዙዎች ከቴላዮው፣ ማለትም ከብስክሌቱ አጽም፣ መልክና ክብደት ይጀምራሉ። እኔ ግን መነሻው ማርሹ ነው እላለሁ፤ እሱም በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ የተዘጋ ማርሽ ቢሆን ይመረጣል። የውድድር ብስክሌት በፍጥነቱ ይመዘናል፤ የሥራ ብስክሌት የሚመዘነው ግን በክረምት ጭቃም ሆነ በበጋ አቧራ በየማለዳው ሳያስቸግር በማድረሱ ነው።

በየመንገዱ የምናየው ማርሽ ሰንሰለቱን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያሻግር ክንድ አለው። ሁሉም ከውጭ ስለሆነ አቧራ ይበላዋል፣ ብስክሌቱ ሲወድቅም ክንዱ ይጣመማል። በእምብርቱ ውስጥ ግን መካከል ላይ የማይዞር ጥርስ፣ በዙሪያው የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጥርሶች፣ እነሱን የሚከብ ባለጥርስ ቀለበት አለ። ጉልበቱ በቀለበቱ ገብቶ በትንንሾቹ ማቀፊያ ሲወጣ ጎማው ዝግ ይላል፣ ዳገቱም ይቀላል፤ በተገላቢጦሽ ሲሆን ይፈጥናል። የእንግሊዙ ኩባንያ ስተርሚ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ባለሦስት ማርሽ ኤ ደብልዩ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዝቅተኛው ማርሽ የመካከለኛውን ሦስት አራተኛ፣ ከፍተኛው አራት ሦስተኛ ያህል ያስኬዳል። ብስክሌቱ በትራፊክ መብራት እንደቆመ ማርሽ መቀየርም ይቻላል። ሰንሰለቱ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሄድ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ የሱሪና የቀሚስ ጫፍ ከቅባት ይድናል።

የማርሹ ብዛት በመንገዱ ይወሰን። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባለ ሜዳ ከተማ ሦስት ማርሽ ይበቃል። የፊቱ ጥርስ 38፣ የኋላው 19 ቢሆንና የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ቢሆን፣ በመካከለኛው ማርሽ አንድ የፔዳል ዙር 4.4 ሜትር ያስኬዳል፤ በዝቅተኛው 3.3። የኋላውን በ22 ብትለውጡት ዝቅተኛው ወደ 2.85 ሜትር ይወርዳል። ለአዲስ አበባ ዳገት ግን የሺማኖ ባለስምንት ኔክሰስ ይሻላል፤ በ38 እና በ19 ጥርስ የመጀመሪያው ማርሽ 2.3 ሜትር፣ ስምንተኛው 7.1 ሜትር ያህል ይሰጣል። የፊቱ ጥርስ ለኋላው ያለው ምጥጥን ግን አምራቹ ከፈቀደው በታች አይውረድ፤ የውስጡ ጥርስ ሊሰበር ይችላል። የቴላዮው የኋላ ስፋት ከእምብርቱ ጋር ይግጠም፤ ሰንሰለቱን ለመወጠር ጎማው ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ቦታም ይኑረው።

የእምብርት ማርሽ ይከብዳል፣ ጥቂት ጉልበት ይበላል፣ ዋጋውም ውድ ነው የሚሉ ተሳስተዋል አልልም። ሆኖም በመካከለኛው ማርሽ የኤ ደብልዩ ጉልበት በትንንሾቹ ጥርሶች ሳያልፍ በቀጥታ ስለሚተላለፍ ብክነቱ እጅግ ያንሳል። ክብደቱም ብስክሌቱን ዘወትር ለሚሸከም ሰው እንጂ ለሚነዳው ብዙ አይሰማም። ጎማ ሲተነፍስ መፍታቱ ያስቸግራል ይባላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ቀዳዳ ጎማው ሳይፈታ፣ የውስጡን ላስቲክ በአንድ በኩል ብቻ አውጥቶ መለጠፍ ይቻላል። ከሁሉ የሚከብደው የመለዋወጫና የባለሙያ ጉዳይ ነው። በአካባቢያችሁ የሚጠግን ከሌለ ባለስምንቱን ትታችሁ አሠራሩ ቀላል የሆነውን ባለሦስቱን ያዙ። እንግዲህ ቴላዮ ከመግዛታችሁ በፊት በመንገዳችሁ ያለውን ከሁሉ የሚከብድ ዳገት እወቁ፣ ጥርሱን አስሉ፣ ከበጀታችሁም መጀመሪያ ለኋላ ጎማው መድቡ።