ከኋላ ላለችው የሚሆን መንገድ



ባለፈው ወደ ጦሳ ስንወጣ ብርቱዎቹ ቀድመን ሄድን። አንዲት እናታችን ደክሟቸው ከመንገድ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ማኅበራችንም አልመጡም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ከ2,400 ይበልጣል። ከኮምቦልቻ የመጣች እህት ዳገቱን ሳትጀምር ትንፋሽ ቢያጥራት ስንፍና አይደለም።

እንግዲህ ለጀማሪዎችና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው የኮምቦልቻን ሜዳ እንምረጥ። ትንሽ የለመዱት በየጎፍ ተራራ ግርጌ ይሞክሩ፤ ጦሳ ለጠነከሩት ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ስለሚያንሸራትት ዳገት ይቅርብን። አብረን ስንወጣም ዝግ ብላ የምትሄደው ከፊት ትምራን።

ከሁሉ በፊት ግን እናታችንን ቤታቸው ሄደን ይቅርታ እንጠይቃቸው።